እኛ ስንጓዝ ቤት የሚቀሩ ዓሣዎች



ገና እየደረሰ ነው። ከመካከላችን ወደ ላሊበላ ለመሄድ ቲኬት የቆረጠ አለ፤ በዓሉን እናቱ ቤት ለማሳለፍ ወደ ክፍለ ሀገር የሚወጣ አለ፤ ገናን እዚያው አክብሮ፣ ጥምቀትን ጎንደር ላይ አይቶ ለመመለስ ያሰበም አይጠፋም። በዚህ ሰሞን ዓሣ የሚያሳድግ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፦ «እኔ ስሄድ ዓሣዎቼን ማን ያበላልኝ?» ጥያቄው ከፍቅር የመነጨ ስለሆነ በቁም ነገር ሊመለስ ይገባዋል። የእኔ መልስ ግን ብዙ ሰው የሚጠብቀው አይደለም። ጉዞው ከአንድ ሳምንት የማይበልጥ ከሆነ፣ ዓሣዎቹም ያደጉና ጤነኛ ከሆኑ፣ ማንም ባያበላቸው ይሻላል እላለሁ። ባለቤቱ በሌለበት ቤት ዓሣን የሚገድለው ረሃብ አይደለም፤ በደግነት ተበትኖ ሳይበላ የቀረ ምግብ ነው። ዛሬ ይህን ለምን እንደምል ላስረዳችሁ እፈልጋለሁ።

ነገሩን ከዓሣው አካል እንጀምር። እኛም፣ ውሻችንም፣ ዶሯችንም ከምንበላው ምግብ ትልቁን ድርሻ የምናቃጥለው ሰውነታችን እንዳይቀዘቅዝ ነው። ዓሣ ይህ ወጪ የለበትም። የውሃው ሙቀት የእሱም ሙቀት ነው። ክብደቱን ውሃው ስለሚሸከምለት ቀጥ ብሎ ለመቆም የሚያወጣው ጉልበትም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስለዚህ የሚበቃው ምግብ እኛ ከምንገምተው እጅግ ያነሰ ነው። ያደገ ትንሽ ዓሣ በቀን የሚያስፈልገው ከክብደቱ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ያህል ነው። ስሌቱን አብረን እንሥራው። እያንዳንዳቸው ግማሽ ግራም የሚመዝኑ አሥር ጉፒዎች አሉ እንበል። ድምር ክብደታቸው 5 ግራም ነው፤ በቀን የሚበቃቸው ምግብ ደግሞ ቢበዛ 0.1 ግራም። አንድ ግራም ፍሌክ ለአሥሩም የአሥር ቀን ስንቅ ነው ማለት ነው። አንድ ልጅ በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ የሚበትነውን እያሰባችሁ ይህን ቁጥር አስቡት።

«ታዲያ ወደ መስታወቱ በቀረብኩ ቁጥር ለምን እየተሯሯጡ ይመጣሉ? ርቧቸው አይደለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። አይደለም። ዓሣ ይለምዳል። የሰው ጥላ ሲመጣ ምግብ እንደሚከተል ካወቀ፣ ጠግቦም ይመጣል። ጎልድፊሽማ ጭራሽ ጨጓራ የለውም፤ የዋጠው በቀጥታ ወደ አንጀቱ ስለሚያልፍ ትንሽ በትንሽ፣ ቀኑን ሙሉ ሲለቅም እንዲውል ሆኖ የተፈጠረ ነው። እንዲህ ያለ ፍጡር «በቃኝ» ብሎ ፊቱን አያዞርላችሁም። ምግብ ይበቃዋል ወይስ አይበቃውም የሚለውን በእሱ ሩጫ መለካት አይቻልም።

ዓሣ ሳይበላ መቆየቱ እኛ የምናመጣበት ቅጣትም አይደለም፤ የተፈጥሮ ሕይወቱ አካል ነው። ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ ከሐዋሳ፣ ከጫሞና ከዝዋይ ሐይቅ እየመጣ በማዕዳችን ላይ የምናገኘውን ቆሮሶ ተመልከቱ። ሴቷ ቆሮሶ እንቁላሏን ከጣለች በኋላ በአፏ ትለቅመዋለች። እንቁላሉ አፏ ውስጥ ይፈለፈላል፤ ጫጩቶቹ ራሳቸውን ችለው መዋኘት እስኪጀምሩም እዚያው ይቆያሉ፤ ከወጡ በኋላ እንኳ አደጋ ሲመጣ ተመልሰው የሚገቡት ወደ እናታቸው አፍ ነው። ይህ ሁሉ ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል፤ እናቲቱ በዚያ ጊዜ ምግብ አትበላም ማለት ይቻላል። በአኳሪየም የሚያድጉት የማላዊ ሐይቅ ዓሣዎችም ብዙዎቹ እንዲሁ ናቸው። የጎልድፊሽ የቅርብ ዘመድ የሆነው የአውሮፓ ዓሣ ደግሞ በረዶ በተጋገረበት ኩሬ ውስጥ ክረምቱን ለወራት ያለ ምግብ ያሳልፋል።

በግምት ላስቀምጥላችሁ። ያደገና ጤነኛ የሆነ ጉፒ፣ ሞሊ፣ ፕላቲ፣ ቤታ ያለ ምግብ አንድ ሳምንት ቢቆይ የሚደርስበት ጉዳት የለም። ያደገ ጎልድፊሽ ሁለት ሳምንት ይችላል። ከገና እስከ ጥምቀት 12 ቀን ነው። ለዚህን ያህል ጊዜ የሚሄድ ሰው በመካከሉ አንድ ቀን ብቻ፣ ያውም በጥቂቱ፣ የሚሰጥለት ሰው ካገኘ ከበቂ በላይ ነው። ያን ሰው ካላገኘ ደግሞ ያደጉት ዓሣዎቹ ሲመለስ ቀጠን ብለው፣ ግን በሕይወት ይጠብቁታል።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ያልተበላው ምግብ የት ይደርሳል?

የዓሣ ምግብ በፕሮቲን የበለጸገ ነው፤ ፍሌክ ብዙ ጊዜ ከክብደቱ ከ40 እስከ 45 በመቶ የሚሆነው ፕሮቲን ነው። ፕሮቲን ደግሞ 16 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ነው። ስለዚህ አንድ ግራም ፍሌክ ሲበሰብስ 72 ሚሊግራም ያህል ናይትሮጅን ይለቃል፤ ይህም መጀመሪያ የሚሆነው አሞኒያ ነው። ብዙ ቤት እንዳለው ዓይነት 60 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም ቢሆን በእያንዳንዱ ሊትር 1.2 ሚሊግራም ይደርሳል። ይህ ቁጥር ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የውሃው ፒኤች 8፣ ሙቀቱም 25 ዲግሪ ከሆነ ከዚያ አሞኒያ ከመቶ አምስት እጅ የሚሆነው ዓሣን በቀጥታ በሚመርዘው መልኩ ይገኛል፤ በሊትር 0.06 ሚሊግራም ማለት ነው። የዓሣ ስንጥብ መጎዳት የሚጀምረው ከዚህ ባነሰ መጠን ነው። ፒኤቹ 7 ቢሆን ኖሮ መርዛማው ድርሻ በአሥር እጥፍ ገደማ ይቀንሳል። ሁለት ሰዎች እኩል ምግብ አብዝተው የአንዱ ዓሣዎች ሞተው የሌላው የሚተርፉት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ውሃቸው አንድ ዓይነት አይደለም። ይህ ደግሞ አንድ ግራም ነው። «እስኪመለሱ ይብቃቸው» ተብሎ በአንድ ጊዜ አምስት ግራም የተደፋበት አኳሪየም ምን እንደሚደርስበት እናንተው አስሉት።

በእርግጥ አኳሪየም ያለ ጠባቂ አይደለም። በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ብዙም ጉዳት ወደሌለው ናይትሬት ይለውጣሉ። ያለ እነሱ በመስታወት ውስጥ ዓሣ ማኖር አይታሰብም። ነገር ግን ሁለት ድካም አለባቸው። አንደኛው፣ ቀስ ብለው ነው የሚራቡት፤ ቁጥራቸው እጥፍ ለመሆን ብዙ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል። በየቀኑ በትንሽ ቆሻሻ የለመዱ ባክቴሪያዎች ድንገት አሥር እጥፍ ሲመጣባቸው አይደርሱበትም። ሁለተኛው፣ ሥራቸው ኦክስጅን ይበላል። አንድ ሚሊግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ወደ ናይትሬት ለመለወጥ አራት ሚሊግራም ተኩል ያህል ኦክስጅን ይጠፋል። ለ72ቱ ሚሊግራም ወደ 330 ሚሊግራም ኦክስጅን ያስፈልጋል።

ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ አዲስ አበባ ላይ ሌላ ቦታ የሌለው ክብደት አለው።

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በ25 ዲግሪ ሙቀት በባሕር ዳርቻ ያለ ንጹሕ ውሃ በሊትር ከ8 ሚሊግራም በላይ ኦክስጅን ይይዛል። የእኛ ከ6 ብዙም አይዘልም። የ60 ሊትሩ አኳሪየም ሞልቶ ተርፎ የሚይዘው ኦክስጅን ሁሉ ወደ 370 ሚሊግራም ነው። እንግዲህ አስተያዩት፦ አንድ ግራም የበሰበሰ ምግብ ባክቴሪያዎቹን ብቻ የሚያስወጣቸው ኦክስጅን ወደ 330። ምግቡን ራሱን የሚያበሰብሱት ሌሎች ጀርሞችም የየራሳቸውን ድርሻ ይወስዳሉ። ዓሣዎቹ የሚተነፍሱትም ከዚያው ነው።

ፓምፑ አየር እያስገባ እስካለ ድረስ የጠፋው ይተካል፤ ብዙ አኳሪየም የሚድነውም በዚህ ነው። መብራት ሲጠፋስ? ውሃው ከላይ ከአየሩ ጋር በሚነካካበት ገጽ ብቻ ቀስ እያለ ኦክስጅን ይወስዳል። ንጹሕ ውሃ፣ ባዶ ሆድ ያላቸው ጥቂት ዓሣዎች ከሆኑ ብዙ ሰዓት ይቋቋማሉ። ያልተበላ ምግብ ያለበት ውሃ ከሆነ ግን በዚያው ሌሊት ዓሣዎቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ሲያዛጉ ይገኛሉ። የበላ ዓሣ ምግቡን ለመፍጨት ተጨማሪ ኦክስጅን ስለሚፈልግ፣ ሆዱ የሞላው ከጾመው ቀድሞ ይታፈናል። ዝግ ማጣሪያንም አትርሱ፤ መብራት ለሰዓታት ጠፍቶ ሲመለስ፣ ውስጡ የታፈነውንና የሞተውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ አኳሪየሙ ይተፋዋል። እናንተ ቤት ብትኖሩ ከፍታችሁ ታጥቡት ነበር። በሌላችሁበት የሚያጥበው የለም። ለተጓዥ ሰው በአየር ፓምፕ የሚሠራ ተራ የስፖንጅ ማጣሪያ ከውዱ ዝግ ማጣሪያ እመርጥለታለሁ፤ መብራት ሲሄድ ራሱ ሥራውን የሚጀምር ባለባትሪ የአየር ፓምፕ ደግሞ በከተማችን ለዓሣ አሳዳጊ ከሁሉ በፊት መገዛት ያለበት ዕቃ ነው ብዬ አምናለሁ።

ብርዱም አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ማሞቂያው ከመብራቱ ጋር ሲጠፋ የሞቃት አገር ዓሣዎች ይቀዘቅዛሉ፤ ሲቀዘቅዙም የዋጡትን መፍጨት ይከብዳቸዋል። አኳሪየሙን በጎንና በጎኑ በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ መጠቅለል ሙቀቱን ለብዙ ሰዓት ያቆይላችኋል። ላዩን ግን አየር እንዲያገኝ በጨርቅ አትሸፍኑት።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ላንሳ፤ በዚህ ትምህርት ውስጥ ሁልጊዜ የምወደው ነው። ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ እንግሊዛዊ ኬሚስት በ1850 አካባቢ ለንደን ውስጥ ሁለት ጎልድፊሾችን ከውሃ ተክል ጋር በአንድ ዕቃ ውስጥ አኖረ። ሐሳቡ ተክሉ ለዓሣዎቹ ኦክስጅን እንዲሰጥ ነበር፤ ይህ ተሳካለት። ሆኖም የሞቱት ቅጠሎች እየበሰበሱ ውሃውን ማደፍረስና ማበላሸት ጀመሩ። ዋሪንግተን መፍትሔውን ያገኘው ቀንድ አውጣ በመጨመር ነው፤ ቀንድ አውጣዎቹ የበሰበሰውን በሉለት፣ ውሃውም ጠራ። የአኳሪየም ዕውቀት የተመሠረተበት ይህ ሙከራ ያሳየን ምንድን ነው? በመስታወት ውስጥ ያለውን ሕይወት የሚያፈርሰው የምግብ ማነስ ሳይሆን የብስባሽ መብዛት መሆኑን ነው። ከዚያ ወዲህ ፓምፕም፣ ማሞቂያም፣ የፒኤች መለኪያም መጥቷል፤ ይህ ነገር ግን አልተለወጠም።

አሁን ወደ ሰው ልመለስ። አብዛኞቻችን ቤቱን የምንተወው ለጎረቤት፣ ለቤት ሠራተኛ፣ ለእህት ልጅ ወይም ለጥበቃ ሠራተኛው ነው። በእኛ ዘንድ አደራ የተቀበለ ሰው ሥራውን የሚያሳየው በመስጠት ነው። አደራ የተሰጠውን ፍጡር ባዶ ሆዱን ማዋል ለኅሊናው ይከብደዋል። እንጀራ የሚቆርስላቸው አለ፣ የዳቦ ፍርፋሪ የሚበትንላቸው አለ፤ ሁሉም በጎ አስቦ ነው። ስለዚህ ይህን ሰው መውቀስ አይገባም፤ ማስተማር ግን ይገባል፤ ማስተማሩም የእኛ የባለቤቶቹ ግዴታ ነው።

ጎረቤታችሁን እንዲህ በሏቸው፦ «እትዬ፣ እነዚህ ዓሣዎች ምግብ አይፈልጉም። ወደ እርስዎ እየሮጡ ቢመጡም ለምደው ነው እንጂ ርቧቸው አይደለም። ይልቅ በየቀኑ ገባ ብለው ፓምፑ አረፋ እያወጣ መሆኑን ይዩልኝ። አንዱ ሞቶ ካገኙ በመረቡ አውጥተው ይጣሉልኝ። ሁሉም ከውሃው ፊት ላይ ተሰብስበው አፋቸውን የሚከፍቱ ከሆነ ይደውሉልኝ።» ይህ ከምግብ ይልቅ ዓሣዎቹን ያድናቸዋል። በተለይ የሞተውን ማውጣት ትልቅ ነገር ነው፤ የሞተ ዓሣ በውሃ ውስጥ ሲቀር እሱም እንደ ፈሰሰ ምግብ ፕሮቲን የያዘ ብስባሽ ነው።

ምግብ መሰጠት ካለበት ደግሞ ጣሳውን በእጃቸው አትተዉ። ለእያንዳንዱ ቀን የሚሰጠውን በትንሽ ወረቀት ለብቻው ጠቅልሉና ቀኑን ጻፉበት፦ «ማክሰኞ»፣ «ቅዳሜ»። በሳምንት ሁለት ጥቅልል ይበቃል። የተረፈውን ጣሳ ቆልፋችሁ ሂዱ። ይህን ማድረግ አለማመን አይደለም፤ አደራውን ማቅለል ነው። ስትመለሱም ጎረቤታችሁን አመስግኑ፤ ከዓይኖቻቸው በላይ የሰጧችሁ ነገር የለምና።

በገበያ ላይ ያሉትን ዕቃዎች በተመለከተ አጭር አስተያየት ልስጥ። ከጄሶ መሰል ነገር ጋር ምግብ ተቀላቅሎ የተጠረቡ፣ ውሃ ውስጥ ሲገቡ ቀስ በቀስ እየሟሟ ምግብ የሚለቁ ድፍኖች አሉ። እኔ አልመክራቸውም። ዓሣው ቢበላም ባይበላም ይሟሟሉ፤ ውሃውን ሊያደፈርሱ፣ ማዕድኑንም ሊጨምሩ ይችላሉ። ስለ ያልተበላ ምግብ የተናገርኩት ሁሉ በእነሱ ላይ ይሠራል።

በሰዓቱ ራሱን አዙሮ ምግብ የሚጥለው ማሽን የተሻለ ነው፤ እንዲህ ከሆነ፦ በባትሪ የሚሠራውን ምረጡ፣ በሶኬት የሚሠራው መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱን ሊረሳ ይችላልና። ከመሄዳችሁ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ አስጀምሩትና በዓይናችሁ ተከታተሉት። ቀዳዳውን እስከ መጨረሻው አጥብቡት። ከአረፋው በላይ አትስቀሉት፤ እንፋሎቱ ፍሌኩን አጣብቆ ለቀናት ምንም ሳይወርድ ይቆይና አንድ ቀን በጓል ይወርዳል። በእንዲህ ያለው ማሽን ከፍሌክ ይልቅ ድቡልቡል ደረቅ ምግብ ይሻላል።

ያለ ምግብ መተው የሌለባቸውም አሉ፤ እነዚህን ሳልናገር ብወርድ ጥፋት ይሆንብኛል። አዲስ የተወለዱ የጉፒና የሞሊ ጫጩቶች ብርታት የሌላቸው ናቸው፤ ሰውነታቸው በየቀኑ ስለሚያድግ በቀን ብዙ ጊዜ መብላት አለባቸው፤ ለሁለት ቀን እንኳ መተው አይቻልም። የታመመ፣ የከሳ፣ ከሌላ ቦታ ገና የመጣ ዓሣም እንዲሁ። አንዲት ጉፒ ሆዷ ተነፍቶ ልትወልድ ከደረሰች ጉዞውን የሚሸፍንላችሁ ዓሣ የሚያውቅ ሰው ፈልጉ። ተክልና አረንጓዴ ሽበት የበዛበት፣ ዓመት የሞላው አኳሪየም ለጫጩቶች ጥቂት የሚለቀም ነገር ያስገኛል፤ የባዶ መስታወት አኳሪየም ግን ምንም የለውም። ገና አንድ ወር ያልሞላው አኳሪየም ያለው ሰው ደግሞ እባካችሁ ጉዞ ካለው ቤት ይቆይ ወይም ዓሣዎቹን ለሚያውቅ ሰው ይስጥ፤ እነዚያ ባክቴሪያዎች ገና አልበቁለትምና ጥቂት ምግብ እንኳ ይበዛበታል።

ከመሄዳችሁ በፊት የሚሠራው ሥራ ብዙ አይደለም፤ ጊዜውን ግን ጠብቁ። በመነሻው ዋዜማ ተሯሩጣችሁ ውሃ አትለውጡ። ከሦስት ወይም ከሁለት ቀን በፊት ሩቡን ያህል ለውጡ፤ ስህተት ቢኖር የምታስተካክሉበት ቀን ይቀራል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የምትኖሩ፣ ሮቶ ውስጥ የቆየውን ውሃ በባልዲ ቀድታችሁ፣ ክሎሪኑ እንዲወጣለት አንድ ቀን ክፍት አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ወይም ክሎሪን የሚያጠፋውን ጠብታ ጨምሩበት። የማጣሪያውን ስፖንጅ ከአኳሪየሙ በወጣው ውሃ ብቻ ጭመቁት፤ በቧንቧ ውሃ ካጠባችሁት ባክቴሪያዎቹን ትገድሏቸዋላችሁ። በጋችን ደረቅ ስለሆነ ውሃው ይተናል፤ ማሞቂያው ከውሃ በላይ ወጥቶ መስታወቱ እንዳይሰነጠቅ እስከ ላይ ሙሉት፣ ክዳኑንም ግጠሙት። አዲስ ዓሣ አትጨምሩ። «ስንቅ ይሁናቸው» ብላችሁ በመጨረሻው ቀን አብዝታችሁ አታብሏቸው። በመነሻው ጠዋት ምንም ባይበሉ የተሻለ ነው።

ጉዞው ረዥም ከሆነስ? ልጆቻቸውን ለመጠየቅ አሜሪካ ሄደው ሦስት ወር የሚቆዩ ወላጆች አሉን። ለዚህ ዓሣዎቹን መስጠት እንጂ ሌላ መፍትሔ የለም፤ በየሳምንቱ ውሃ የሚለውጥ ሰው ያስፈልጋቸዋል። ለሚያሳድግ ወዳጅ፣ ለትምህርት ቤት፣ ወይም ለገዛችሁበት ሱቅ መልሱ። አንድ ነገር ግን በፍጹም አታድርጉ፤ ወደ ወንዝ፣ ወደ ኩሬ፣ ወደ ሐይቅ አትልቀቋቸው። ጣና ሐይቅ ላይ ያስቸገረን እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው አበባው ለኩሬ ጌጥ ይሆናል ተብሎ ነው። በመስታወት የሚለጠፈው ባለ መምጠጫ አፍ ዓሣም ከቤት አኳሪየም ተለቆ በሜክሲኮና በባንግላዴሽ ውሃዎች ዓሣ አስጋሪዎችን አስቸግሯል። ጣና በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች የሚኖሩበት ሐይቅ ነው፤ ለዚያ ሐይቅ የእኛ ጎልድፊሽ ስጦታ አይሆነውም።

ስትመለሱም ተጠንቀቁ። ሻንጣችሁን ሳታወርዱ ወደ ጣሳው እንዳትሮጡ። መጀመሪያ ዓሣዎቹን ቁጠሩ፤ ውሃውን አሽቱ፤ ማሞቂያውና ፓምፑ እየሠሩ መሆናቸውን እዩ። ከዚያ ጥቂት፣ ከወትሮው ግማሹን ያህል ስጧቸው። በማግስቱ ሩቡን ውሃ ለውጡ። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ወደ ልማዳችሁ ተመለሱ።

በመጨረሻ ልመና ያለኝ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ለተቀመጣችሁ የዓሣ ነጋዴዎች ነው። እናንተ ከማንኛችንም በፊት ከገዢው ጋር ትገናኛላችሁ። በበዓል ሰሞን አንድ ልጅ ከአባቱ ጋር መጥቶ ሁለት ጎልድፊሽና አንድ ጣሳ ምግብ ሲገዛ፣ «ለበዓል የት ትሄዳላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁት። ለሦስት ቀን የሚሄድን ሰው የሚሟሟ ድፍን አትሽጡለት፤ ምንም አያስፈልገውም ብላችሁ ንገሩት። ከጣሳው ጋር ግማሽ ገጽ ወረቀት ስጡት፤ በላዩ ላይ የሚበቃቸውን መጠንና ከጉዞ በፊት የሚደረገውን ጽፋችሁ። ወረቀቱን በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ ገዢያችሁ በሚያነበው ቋንቋ ሁሉ አዘጋጁት። ይህን ዘንድሮ ከገና በፊት ጀምሩልን።